የጋሼ ደበላ የብርድ ሳጥን

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የእድራችን ጡሩምባ ነፊ በራችን ላይ ቆሞ ሲለፍፍ፣ እኔ አንድ እግሬን ካልሲ አልብሼ የሌላውን ፍለጋ አልጋ ሥር ገብቼ ነበር።

«የእድር አባላት፣ ስሙ! አቶ ደበላ አርፈዋል! ቀብራቸው በስድስት ሰዓት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ነው! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ!»

ካልሲውን ትቼ እዚያው አልጋ ሥር ቀረሁ። ባለቤቴ አስካለ ከጓዳ ሆና «ሰማህ?» አለችኝ።

«ሰማሁ» አልኳት ከአልጋ ሥር።

«ታዲያ ውጣ እንጂ!»

መውጣት አልፈለግሁም። እውነቱን ልንገራችሁና፣ በጋሼ ደበላ የተነሳ አልጋ ሥር መግባት የነበረብኝ ያን ዕለት አልነበረም። ከስምንት ዓመት በፊት ነበር።

እኔን ሰፈሩ የሚያውቀኝ በቀልደኛነቴ ነው። ለቅሶ ቤት እንኳን ስገባ፣ ገና ሳልቀመጥ ጋቢውን ወደ አፉ የሚያስጠጋ ሰው አለ፣ ሳቁ እንዳያመልጠው። ያን ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት አምፖል ቀያሪ ነበርኩ። መሰላል ተሸክሜ ከክፍል ክፍል እዞራለሁ፤ የተቃጠለውን አወርዳለሁ፣ ደህናውን እሰቅላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ተሳስቼ ደህናውን አወርዳለሁ። ሰፈሩ ግን «ኢንጂነር» ይለኝ ነበር። እኔም ሳላፍር አቤት እላለሁ።

ጋሼ ደበላ የዚሁ የየካ ሰው ናቸው። አባታቸው ከእንጦጦ ግርጌ ያርሱ ነበር። እሳቸው በወጣትነታቸው የአንድ ጣሊያን ካሚዮን ላይ ተሳፍረው ምጽዋ ወረዱና እዚያው ቀሩ። ሃያ ሁለት ዓመት በረዶ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ሆነው ሠሩ። እትዬ ለተን ያገቡት እዚያ ነው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ መፍቻና ብሎን አልገናኝ ሲላቸው፣ ባለቤታቸውን ይዘው ወደ አባታቸው ቦታ፣ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ተመለሱ። ልጅ አልነበራቸውም።

የመጡት ሰኔ ውስጥ ነው። ከካሚዮኑ አልጋ ወረደ፣ ቁምሳጥን ወረደ፣ መጨረሻ ላይ አራት ሰው እያቃሰተ የተሸከመው ግራጫ የብረት ሳጥን ወረደ። ጋሼ ደበላ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ሰው ጠርተው መስኮቱን አስፈረሱና ሳጥኑን እዚያ አስገጠሙት፤ ግማሹ ወደ ቤት፣ ግማሹ ወደ መንገድ።

«ምንድነው ይኼ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ኮንዲሽነር ነው። ቤት ያቀዘቅዛል። ምጽዋ ያለዚህ እንቅልፍ የለም።»

እስቲ አስቡት! ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በሰኔ! ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ በራፍ ላይ የሚተኛበት፣ ሰው በቀትር ጋቢ ደርቦ የሚሄድበት አገር! ሰፈሩ ተሰብስቦ ቆሟል። እኔ ደግሞ ሰው ከተሰበሰበ አፌ አይዘጋም።

«ጋሼ፣ እዚህ ብርድ የሚገዛ ቢገኝ ኖሮ እኮ እንጦጦን በኪሎ ቸርችረን ሁላችንም ከበርቴ ሆነን ነበር! እርስዎ ጭራሽ ብርድ በሳጥን አሽገው ያመጡልናል?»

ሰፈሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጋሼ ደበላም አብረው ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማሽኑ ስም «የብርድ ሳጥን» ሆኖ ቀረ። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይህን ያዙልኝ።

ከጋሼ ደበላ የማልረሳው ጆሯቸውን ነው። እጃቸው ከዳቸው እንጂ ጆሯቸው አልከዳቸውም። ማንኛውም ነገር ተበላሸ ሲባል ራሳቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል ያደርጉና ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ከዚያ «አድምጠው እስቲ» ይላሉ። «መጀመሪያ አድምጠው፣ ከዚያ ፍታው። እናንተ መጀመሪያ ትፈታላችሁ፣ ከዚያ ታለቅሳላችሁ።»

አንድ ቀን ራዲዮኔ እየተንኳኳ አስቸገረኝ። እንደ ኢንጂነርነቴ ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሦስት ጊዜ ገጥሜዋለሁ። እየባሰበት ሄደ። ጋሼ ደበላ መጡና ራዲዮኑን ብድግ አድርገው እንደ ሕፃን ወዝወዝ አደረጉት።

«ራዲዮኑ ደህና ነው» አሉ።

«ታዲያ የሚንኳኳው ምንድነው?»

«አንተ ነህ። ውስጡ ያስቀረኸው ብሎን ነው።»

አስካለ ሳቋን ለመጨረስ ጓዳ ገባች። ሌላ ቀን ደግሞ ከታች ያለው ወፍጮ ቤት ማሽኑ ይጮህ ጀመርና መካኒክ ከከተማ መጥቶ ግማሹን ፈትቶ መሬት ላይ ዘረገፈው። ጋሼ ደበላ በዚያ ሲያልፉ ቀደም ሲል የሰሙትን ድምፅ አስታውሰው በበሩ ብቅ አሉና «ቺንጊያው ነው፣ ላልቷል» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እውነትም ቀበቶው ብቻ ነበር። መካኒኩ ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን ሲመጣ መጀመሪያ «ያ ሰውዬ አሉ?» ብሎ ይጠይቃል።

በሁለተኛው ክረምት የብርድ ሳጥኑ ማፏጨት ጀመረ። እስከዚያ ድረስ ድምፁ ወፍራም፣ አንድ ዓይነት ነበር፤ ሰፈሩ ለምዶታል። አሁን ግን እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል፣ ያፏጫል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል። ጋሼ ደበላ እቤቴ መጡ።

«ኢልማ» አሉኝ። በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ሲቸግራቸው እንደሱ ይሉኛል። «ማሽኑን ወስደህ እይልኝ። የሚጠገን ከሆነ አንተ ጠግነው፣ እኔ እጅ የለኝም። የማይጠገን ከሆነ ደግሞ ቁርጡን ንገረኝ፣ ሌላ አስመጣለሁ። ብቻ ቶሎ።»

«እንዴ ጋሼ፣ በዚህ ብርድ ምን አስቸኮለዎት?» ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

በማግስቱ ሁለት ጎረምሶች ይዤ ላነሳው ሄድኩ። እትዬ ለተ ወንበር ላይ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው አብጧል፣ እግራቸው አብጧል። ሳጥኑን ከመስኮቱ ስንፈታው አይተው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ስንት ቀን ትወስደዋለህ ልጄ?»

«ሦስት ቀን ቢሆን ነው እትዬ። አይዞዎት፣ ብርዱ የትም አይሄድም።»

«ብርዱን ምን ላደርገው?» አሉ። «ድምፁን ነው እንጂ። ሃያ ዓመት በሱ ድምፅ ነው የተኛሁት። ሐኪሙ ልብሽ ነው ብሎኛል። ቤቱ ዝም ሲል የልቤን ምት እሰማለሁ። አንዳንዴ ዘለል ያደርጋል። አሁን ይቆማል፣ አሁን ይቆማል እያልኩ ስቆጥር ይነጋል። ይኼ ሲጮህ ግን አልሰማውም፣ እተኛለሁ።» ከዚያ በሩን አዩና ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። «ለሰው እንዳታወራ። ለኔና ለሱ ብቻ ነው።»

አላወራሁም። አፌን ዘግቼ ያኖርኩት ምስጢር ቢኖር ይኼ አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም መዘጋት በማይገባው ጊዜ።

ሳጥኑን ጓሮ ወስጄ ፈታሁት። ጋሼ ደበላ ባስተማሩኝ መሠረት መጀመሪያ አስነስቼ አዳመጥኩት። የሞተሩ ዘንግ የሚዞርባት ኩሽኔታ አልቃለች፣ ሌላ ነገር የለበትም። የፉጨቱ ምክንያት እሷ ናት። ሌላም ነገር አየሁ። ብርድ የሚሠራው ጋዝ የሚዞርበት ቱቦ ተሰንጥቋል፣ ከተሰነጠቀም ቆይቷል። ስንጥቁ ላይ አቧራና ዘይት ደርቆበታል። ማሽኑ ሰፈራችን ከመጣ ጀምሮ አንድ ቀን ብርድ ሠርቶ አያውቅም! ማራገቢያው ብቻ ነው የሚዞረው። የቤቱን አየር ለቤቱ፣ የመንገዱን አየር ለመንገዱ ይመልሳል፣ በቃ።

ደስ አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ፈትቼ የታመመበትን አገኘሁ! አስካለን ጠርቼ አሳየኋት። ነገ ፒያሳ ወርጄ ኩሽኔታ ልገዛ አሰብኩ።

ከሰዓት በኋላ የእድራችን ዳኛ አቶ ክፍሌ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። አቶ ክፍሌ ክፉ ሰው አይደሉም። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደርሱ፣ ድንኳን ሲተከል ካስማውን ራሳቸው የሚመቱ ሰው ናቸው። ያን ክረምት የልጅ ልጃቸው ሳል ይዞት ሳምንት ተኝቷል። ሌሎች ልጆችም ያስላሉ። ሰፈሩ መክሮ ምክንያቱ የብርድ ሳጥኑ ነው ብሏል፤ በጋሼ ደበላ መስኮት በኩል ሲያልፍ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ማዶ ለማዶ የሚሄደው ሰው ብዛቱ! እኔ እንኳን አካሄዳቸውን እያስመሰልኩ ስንቱን አስቄበታለሁ።

«ኢንጂነር» አሉ አቶ ክፍሌ፣ «የመጣነው ለደበላ ቤት ደኅንነት ነው። ሚስቱን አየሃት? አብጣ አብጣ! ብርድ ገብቶባት ነው። ብርድ ከሚተነፍስ ሳጥን ጋር አብሮ መተኛት ምን ይባላል? የኛም ልጆች አለቁ። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ፊት ለፊት አውጣው ብንለው ይቀየመናል። እግዜር ሲረዳን ደግሞ ማሽኑ ተበላሸ። አንተ አይጠገንም በለው። ሳናስቀይመው፣ ሳይከፋው፣ ነገሩ በዚሁ ይቅር።»

አስካለ ከጓዳ በር ላይ ሆና አየችኝ። በዓይኗ «ንገራቸው» አለችኝ።

«ግን እኮ አቶ ክፍሌ…» ብዬ ጀመርኩ፣ «ማሽኑ ብርድ…»

«አንተ ራስህ አይደለህም እንዴ የብርድ ሳጥን ያልከው?» አሉና ሳቁ። ሽማግሌዎቹም ሳቁ። «እንጦጦን በኪሎ እንሸጥ ነበር ያልካት! ዛሬም ትዝ ስትለኝ ብቻዬን እስቃለሁ!»

ምን ልበላችሁ። የራሴን ቀልድ ሰው ሲደግመው ስሰማ ሌላውን ሁሉ እረሳለሁ። እኔም ሳቅሁ። ሳቃችን ሲያልቅ ነገሩም አልቆ ነበር። ሲወጡ አቶ ክፍሌ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ብልህ ልጅ» አሉኝ።

አስካለ የዚያን ቀን ራት አቅርባልኝ አብራኝ አልበላችም።

በማግስቱ ጋሼ ደበላን ደጃቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው።

«እህ፣ ኢልማ?»

«አይጠገንም ጋሼ። አልቆለታል።»

«ምኑ?»

«ሞተሩ። ተቃጥሏል።»

ራሳቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል አደረጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሞተሩ ተቃጥሏል?»

«አዎ ጋሼ።»

«የተቃጠለ ሞተር ይሸታል። ስትፈታው ሸተተህ?»

«አዎ፣ ሸተተኝ» አልኩ። ድምፄ ቀጠነብኝ፣ ለኔም ተሰማኝ።

ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡና «እሺ» አሉ። «አንተ ካልክ።»

እዚህ ላይ ቢያበቃ እንኳን ደግ ነበር። እሳቸው ግን «እንግዲያው አዲስ ማስመጣት ነው። ምጽዋ ወዳጅ አለኝ። እጄ አልጽፍ ይለኛል፣ ደብዳቤውን ጻፍልኝ» አሉኝ። ወረቀትና ብዕር አመጡ። ተቀምጬ ጻፍኩ። «አሮጌው ስለማይጠገን…» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፌ ደግሞ ያምራል።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ከዳገቱ ላይ የመጥረቢያ ድምፅ ተሰማ። ጋሼ ደበላ አባታቸው የተከሉትን ባሕር ዛፍ በሙሉ ለእንጨት ነጋዴ ሸጠውታል፣ ለአዲሱ ማሽን። ያ ዳገት ዛሬም መላጣ ነው። በሄድኩ ቁጥር ያየኛል።

ሰፈሩ ግን ደስ አለው። ሴቶቹ ተሰብስበው ሄዱና የማሽኑን ቀዳዳ በሳንቃ አስመቱት፣ የቀረውን ስንጥቅ በጋዜጣና በሙጫ ለጠፉት፣ ነፋስ እንዳይገባ። «አሁን ይሻልዎታል እትዬ» አሏቸው። ቤቱ እንደ ጉድጓድ ዝም አለ።

እኔ ራዲዮኔን ወስጄ ሰጠኋቸው። ብሎኑን አውጥቼለት ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ እትዬ ለተ መለሱልኝ። «ሰው ሲያወራ ጆሮ ይከተላል፣ አያስተኛም» አሉኝ። «ደግሞ እሱም ሰዓቱ ሲደርስ ዝም ይላል። አንተ ግን እግዜር ይስጥልኝ ልጄ።» ዓይናቸው ሥር ጠቁሯል። አፌ ላይ የመጣውን ነገር ዋጥ አድርጌ ራዲዮኔን ይዤ ወጣሁ።

እትዬ ለተ ኅዳር ላይ ሞቱ። ሐኪሙ እንዳለው ልባቸው ነው። ማሽኑ ቢኖር ኖሮ ይድኑ ነበር አልልም፣ እንደሱ እያልኩ ራሴን ከፍ አላደርግም፤ አምፖል ቀያሪ ነኝ። ግን የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ቁጭ ብለው ልባቸውን ሲቆጥሩ ነው ያሳለፉት። እሱን እኔ ነኝ የሰጠኋቸው።

እድሩ ድንኳን ተከለ። አቶ ክፍሌ ካስማውን ራሳቸው መቱ። ጎረምሶቹ አስከሬኑን እየተቀባበሉ ዳገቱን እስከ ኪዳነ ምሕረት አደረሱ። ከቀብሩ ዐሥር ቀን በኋላ አንድ ካሚዮን መጥቶ ከምጽዋ የተላከ፣ በሚስማር የተመታ የእንጨት ሳጥን አወረደ።

የአርባው ዕለት ሰው ከተበተነ በኋላ ጋሼ ደበላ «ቆይ» አሉኝ። የእንጨት ሳጥኑ ግድግዳ ሥር ነው። አልተከፈተም፤ ጋቢ አንጥፈውበት እንደ መደብ ሆኗል።

«ተቀመጥ» አሉኝ። ሌላ መቀመጫ አልነበረም። ተቀመጥኩበት።

«ኩሽኔታው ነበር፣ አይደል?»

ቀልድ ፈለግሁ። ዕድሜ ልኬን አፌ ላይ ሳልፈልገው የሚመጣው ነገር ያን ቀን ስፈልገው ጠፋ።

«አዎ ጋሼ።»

«ድምፁን ሰምቼ አውቄው ነበር። ያን ቀን ደግሞ አንተን ሰማሁህ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ? ውሸታም ብለው ለምን አልሰደቡኝም?»

«ማን እንደላከህ ገባኝ። እነሱ ለኔ አዝነው ነው። አንተም እኔን ላለማስቀየም ነው። በምን ልቆጣ? ነገ ለተን የሚሸከሙልኝ እነሱ ናቸው ብዬ አሰብኩ።» የተቀመጥኩበትን ሳጥን በአገጫቸው አመለከቱኝ። «አዲሱ ይደርሳል ብዬ ነበር።»

«ብርድ እንኳን አልነበረውም እኮ ጋሼ! ቱቦው ተሰንጥቆ…»

«አውቃለሁ። ስንመጣ ጣርማ በር ዳገት ላይ ነው ጋዙ ያለቀው፣ ሲያፏጭ ሰምቼዋለሁ።»

«ያንን ለምን ለሰው አልተናገሩም?»

«ብርድ የለውም ብላቸው፣ ታዲያ ለምን ታስጮኸዋለህ ይሉኛል። ምን ልመልስ? ሚስቴ ልቧን እንዳትሰማ ነው ብዬ እድር ፊት ላስረዳ?» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንተ ግን ልትላቸው ትችል ነበር። አንተ ብትናገር ሳቅ ብለው ያልፉት ነበር።»

ይኸው ነው። አልጮኹም፣ አልረገሙኝም። ብድግ ብለው በሩን ከፈቱልኝ።

ከዚያ በኋላ ፒያሳ ወርጄ ኩሽኔታ ጠየቅሁ። ሻጩ ዞር ሳይል እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ከመደርደሪያ አንስቶ ሰጠኝ። ጓሮዬ ተፈትቶ የቀረውን ግራጫ ሳጥን ከምሳ በኋላ ጀምሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገጠምኩት። ልወስድላቸው ስንት ጊዜ ተነሳሁ! ምን ብዬ ልስጣቸው? ዕቃ ቤቴ ውስጥ ቀረ። በዓመት አንድ ጊዜ ዘይት እቀባዋለሁ።

ጋሼ ደበላ በነዚህ ሁሉ ዓመታት ሰላምታ ነፍገውኝ አያውቁም። መንገድ ላይ «እንዴት ነህ?» ይሉኛል፣ «ደህና» እላለሁ፣ ያልፋሉ። ኢልማ ብለውኝ ግን አያውቁም። ራሳቸውንም ወደ ቀኝ ዘንበል ሲያደርጉ አላየሁም፣ ለኔም፣ ለወፍጮውም፣ ለማንም። ወፍጮው ሲጮህ እንደ ሌላው ሰው ጆሯቸውን ሸፍነው ነበር የሚያልፉት።

ማክሰኞ ቀበርናቸው። ያ የእንጨት ሳጥን እስከ ዛሬ ሚስማሩ አልተነቀለም፤ ለቅሶ ላይ ሦስት ሰው ተቀምጦበት ነበር። ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ከቀብር መልስ እጃችንን ታጥበን ድንኳኑ ውስጥ ጥቂት ከተቀመጥኩ በኋላ፣ ሹልክ ብዬ ቤቴ ገባሁ። ግራጫውን ሳጥን ከዕቃ ቤት እየጎተትኩ አውጥቼ በረንዳዬ ላይ አስቀመጥኩትና ሶኬቱን ሰካሁት። ትንሽ አንገራገረና ተነሳ። ያ ወፍራም፣ አንድ ዓይነት ድምፅ ሰፈሩን ሞላው። አስካለ ወጥታ አጠገቤ ቆመች።

ከድንኳኑ ሰው ብቅ ብቅ አለ። አቶ ክፍሌ በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ፤ አርጅተዋል። ነጠላቸውን ሳብ አድርገው አፋቸውን ሸፈኑ።

«ምንድነው እሱ? ያ የብርድ ሳጥን ነው እንዴ? ኧረ አጥፋው፣ ሰው ታስጨርሳለህ!»

«ብርድ የለውም አቶ ክፍሌ» አልኳቸው። «ኖሮትም አያውቅም። ጠጋ ይበሉና እጅዎን ያስገቡ።»

እጃቸውን አስጠጉ። ለካስ ነፋሱ ልክ እንደ በረንዳው አየር ነው። ነጠላውን ከአፋቸው አወረዱ። ከኋላቸው የቆሙት አንዳንዶቹ ፊታቸው ላይ ፈገግታ ጀምሯል፣ የኔን ቀልድ እየጠበቁ ነው።

«አሃ» አሉ አቶ ክፍሌ። «ታዲያ ለምን ታስጮኸዋለህ?»